የእትዬ መርፌ ዓይንና የሰው ሶፋ

እትዬ መርፌ በዚህ ዓለም የምትፈራው አንድ ነገር ቢኖር የሰው እጅ ማየት ነበር። ጨለማ አትፈራም፤ ውሻ አትፈራም፤ ባለሥልጣን እንኳ ቢሆን ልኬት ስትወስድለት «ሆድህን ልቀቀው እንጂ፣ ትንፋሽህን ይዘህ ልታታልለኝ ነው?» ትለዋለች። ከሰው ጠብቆ ማደር የሚባለው ነገር ግን ገና ስሙ ሲነሳ ያንገሸግሻታል። «እጄ እስካለ የማንንም እጅ አላይም» ትላለች፣ አገጯን ቀና አድርጋ። ችግሩ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የራሷንም እጅ በቅጡ ማየት አቅቷት ነበር።

ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ የሞተው ልጃቸው ገና ስትድህ ነው፤ ትቶላት የሄደውም አንዲት ክፍል ቤትና በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ነበር። በዚያች መኪና ልጅ አሳደገች፣ አስተማረች፣ ዳረች። ልጅቷ ዛሬ ራቅ ካለ ከተማ ባልና ልጆች ይዛ ትኖራለች። ደውላ «እማዬ፣ እንዴት ነሽ?» ባለቻት ቁጥር መልሱ «ምን እሆናለሁ!» ነው።

የቤቷ በር መንገድ ላይ ይከፈታል። መኪናዋ በመስኮቱ ሥር ነው፤ ከጎኑ በካውያ እዚህም እዚያም የተለበለበ ጠረጴዛ አለ፤ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋዋ። ወንበር ሁለት አላት፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የደንበኛ። ደንበኛው ሁለት ሆኖ ከመጣ አንዱ ይቆማል። በዚያ ሰፈር ከእሷ እጅ ያልወጣ ኮሌታ፣ ከእሷ እጅ ያልወጣ ኪስ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መጀመሪያ ጭጋግ መስሏት ነበር። የመስኮቱን መስተዋት ጠዋት ማታ ትወለውል ጀመር። ከመስተዋቱ እንዳልሆነ ሲገባት አምፖሉን አስቀየረች። አምፖሉም ተቀይሮ ያው ሆነ። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የምታሳልፈው በምላሷ አርጥባ፣ በጣቷ እየዳበሰች ሆነ፤ ይህንንም «የልምድ ጥቅም» ብላ ለራሷ አሞካሸችው። በመጨረሻ ጎትታ ሐኪም ቤት የወሰደቻት ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪዋ ናት። የዚችን ሴት እውነተኛ ስም የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው፤ ነካ ያደረጋት ሁሉ ደንግጦ ስለሚመለስ ኮረንቲ ብለዋት ኮረንቲ ሆና ቀረች።

«ሞራ ነው» አለ ሐኪሙ። «ሁለቱንም ዓይን ሸፍኖታል። በቀዶ ጥገና ይነሳል፤ ደህና ታያለሽ። ካልተነሳ ግን ብርሃኑ እየቀነሰ ነው የሚሄደው።»

ቀጥሎ ዋጋውን ነገራት። እትዬ መርፌ እንዳልሰማ ሰው ነጠላዋን አጣፍታ ቀጥ ብላ ቤቷ ገባች።

ኮረንቲ ግን ዝምታ አታውቅም። «ሰፈሩ ያዋጣል» አለች ገና በሩ ሳይዘጋ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ነገ በየቤቱ እዞራለሁ።»

«ትዞሪና እንተያያለን! የዚህን ሰፈር ኪስ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ጥልቀቱን አውቀዋለሁ። ከላይ ሲታይ ኪስ ይመስላል እንጂ ግማሹ ውስጡ ቀዳዳ ነው።»

እውነቷን ነበር። ከሰፈሩ ገሚሱ የቤት ኪራይ በደረሰ ቁጥር እንቅልፍ የሚያጣ ነው፤ የቀረው ደግሞ ሥራ ያለው ሆኖ ደመወዝ ከእጁ የማይቆይ። እነሱን አራቁቶ ዓይን ማብራት ለእትዬ መርፌ ኃጢአት ነው።

«እሺ፣ የድጋፍ ቢሮ አለ አይደል?» አለች ኮረንቲ። «አቅም ለሌለው ሰው ሕክምናውን መንግሥት ይከፍላል። አመልክቺ።»

«ልመናን ማኅተም ስላደረጉበት ልመና መሆኑ ይቀራል?»

በዚህ ጊዜ ነው ጋሼ ፍሬን በሩ ላይ ብቅ ያለው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ በሥራ ዘመኑ አንድም ሰው ገጭቶ አያውቅም፣ በሰዓቱ የደረሰበት ቀንም አይታወስም። ነገር ሲጀመር ቀድሞ «ቆይ እስቲ» ማለት ይወዳል፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ የመጣ ነው።

«ቆይ እስቲ» አለ አሁንም፣ መቋሚያው ላይ ተደግፎ። «እህቴ እውነቷን ነው። ሰው በመንግሥት ትከሻ መንጠልጠል ከለመደ አለቀለት። የሰው ልጅ ክብሩ ራሱን ሲችል ነው።»

«ጋሼ፣ አንተ ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?» አለች ኮረንቲ።

«እ... ጡረታዬን ልቀበል ሄጄ።»

«ከማን?»

«እሱማ የላቤ ነው! ዕድሜ ልኬን አልሠራሁም?»

«እሷስ ዕድሜ ልኳን ተኝታ ነው የኖረችው?»

ጋሼ ፍሬን የመንገዱን አቧራ ማማረር ጀመረ። እትዬ መርፌ ግን ነገሩ ገባት። ወዲያው አልተቀበለችውም፤ ሆዷ ውስጥ አስቀመጠችው።

ያሸነፋት የጎረቤት ምክር አልነበረም፤ የገዛ መኪናዋ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ እግሯ እየረገጠ፣ እጇ ጨርቁን እየገፋ፣ መርፌው የግራ እጇን ሌባ ጣት ከነጥፍሩ ከጨርቁ ጋር ሰፋው። አልጮኸችም። የመኪናዋን ጎማ በቀኝ እጇ ወደ ኋላ አዙራ መርፌውን አነሳች፣ ጣቷን በብጫቂ ጠቀለለች፣ ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያስለቀሳት ሕመሙ አይደለም። ጣቷ መርፌው ሥር መግባቱን አላየችም ነበር። በእጇ የኖረች ሴት፣ ያለ ዓይን እጅ ምን እንደሚሆን ያን ቀን ገባትና ፈራች። በማግስቱ ሄዳ አመለከተች፤ ገምጋሚ ቤቷ ድረስ መጥቶ ኑሮዋን አይቶ እንደሚወስን ተነገራት።

አሁን የዚያን ሰፈር አንድ ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ወደ አንዱ ቤት የተከበረ እንግዳ መጣ ከተባለ የሁሉም ቤት ዕቃ ይነሳል። ጎረቤት በሰው ፊት ሲያንስ ማየት አይችሉም፤ እንደ ራሳቸው ውርደት ይቆጥሩታል። ምንጣፉ ከአንዱ፣ ብርጭቆው ከሌላው፣ መጋረጃው ከሦስተኛው ይመጣና እንግዳው እስኪሄድ ድረስ ያ ቤት የጌታ ቤት ይሆናል። የጋሼ ፍሬን ቀይ ሶፋ ከባለቤቱ የበለጠ ሽማግሌ አስተናግዷል፤ በሱ ላይ ተቀምጠው ያልታጩ ልጃገረዶች ጥቂት ናቸው። እንግዳዋ ድህነትን ልትመዝን የምትመጣ መሆኗ ለምን እንዳልከነከናቸው ኮረንቲ በኋላ ስትጠየቅ በሙሉ ልብ ነው ያስረዳችው። «ነገር በዓይን ይገባል። ያደፈ፣ የተጎሳቆለ ሰው የትኛው ቢሮ ገብቶ ተሰምቶ ያውቃል? ገና ከበሩ ነው የሚመልሱት። የሚሰጡት ለተከበረ ሰው ነው!» ዕድሜ ልኩን ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት ለኖረ ሰው ይህ ሞኝነት አይደለም፤ ትምህርት ነው።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት እትዬ መርፌ ያለቀላቸውን የደንብ ልብሶች ተማሪ ቤት ልታደርስ ወጣች። ቁልፉ ኮረንቲ ዘንድ ነበር። ተመልሳ እንደ ልማዷ ሳታመነታ ወደ ውስጥ ስትራመድ ቅልጥሟ አንድ ነገር ላይ ጓ አለ።

«ወይኔ እግሬን! ምንድን ነው ይሄ?»

«ሶፋ ነው» አለች ኮረንቲ፣ ኩራት ባለው ድምፅ።

«ምን ይሠራል እኔ ቤት?»

«እንግዳ ይቀበላል። ቀስ በይ፣ በግራሽ ቴሌቪዥን አለ። አይ፣ ወደዚያ አትሂጂ፣ ብፌው ነው!»

ከራሷ ቤት መሐል ቆማ እጇን ወደፊት ዘርግታ ቀረች። አፏን ለስድብ ከመክፈቷ በሩ ተንኳኳ።

ገምጋሚዋ ወጣት ሴት ነበረች፤ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታለች፣ ጫማዋ ብዙ ሰፈር እንደዞረች ይናገራል። ሶፋው ላይ ተቀመጠችና ዙሪያውን ቃኘች። ብፌውን አየች፤ ብፌው ውስጥ የተደረደሩትን ባለወርቅ ጠርዝ ብርጭቆዎች አየች፤ እግሯ ሥር ያለውን ወፍራም ምንጣፍ በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችው። ኮረንቲ ሻይ በትሪ ይዛ ገባች።

«እትዬ ምንም የጎደለባት አይደለችም» አለች ትሪውን እያቀረበች። «የሰፈራችን እመቤት ናት! ለማንም ፊት የማትሰጥ፣ ቤቷ የሞላ...»

እትዬ መርፌ የምትይዘው ቢኖራት ትወረውርባት ነበር።

ገምጋሚዋ ሻዩን ሳትነካ እስክሪብቶዋን ከደነችው። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች፤ ክፋት የለባትም፣ ድካም ነው ያለባት። «ድጋፉ ለብዙ ሰው አይደርስም። የማገኘው ቤት አንዳንዱ ተቀምጬ የምጽፍበት ወንበር እንኳ የለውም። እርስዎ በእውነት ደህና ነዎት። እኔ ይህን አይቼ አቅም የላቸውም ብዬ ብጽፍ ዋሽቼ ነው።»

 ከበሩ ውጪ ጋሼ ፍሬን ጆሮውን ጥሏል። እትዬ መርፌ ሁለት መንገድ ነበራት። «ልክ ነሽ ልጄ፣ ምን ጎደለኝ» ብላ፣ እንደ እመቤት ሸኝታ፣ እየጨለመባት መኖር አንዱ ነው። ሌላው ጎረቤቶቿን በሰው ፊት አጋልጦ፣ የለኝም የሚለውን ቃል በገዛ አፏ ማውጣት ነው። ያን ቃል ባሏ ሲቀበር እንኳ አላወጣችውም። ጣቷን የጠቀለለችበትን ብጫቂ ጨበጥ አደረገችው፤ ተነሳች።

«ልጄ፣ የተቀመጥሽበት የጋሼ ፍሬን ነው» አለች ሶፋውን በእጇ መታ መታ አድርጋ። «ቴሌቪዥኑ የኮረንቲ ነው። ብፌው የማን እንደሆነ አላውቅም፤ እኔና እሱ ገና አሁን ነው የተዋወቅነው። እንግዳ መጣ ተባለና አለበሱኝ። የእኔ በመስኮቱ ሥር ያለችው መኪና፣ ሁለት ወንበርና አልጋዬ ናቸው። ዓይኔም የእኔ ነው፣ እሱ ደግሞ ሊጠፋ ነው። የለኝም። አቅም የለኝም።»

ኮረንቲ ትሪዋን እንደያዘች ክው አለች። «ጉድ ፈላ!» የሚል የጋሼ ፍሬን ድምፅ ከውጪ ተሰማ።

ገምጋሚዋ ግራ ተጋብታ አንዴ ኮረንቲን፣ አንዴ ሶፋውን አየች። «እንዲህ የሚያደርጉልዎ ጎረቤቶች ካሉ ታዲያ» አለች፣ «የእኛ ድጋፍ ለምን አስፈለገ? ከኛ ይልቅ እነሱ አይበልጡም?»

«ይበልጣሉ! ማን አይበልጡም አለ?» አለች እትዬ መርፌ፣ ድምፅዋ እየጠነከረ። «ስታመም የሚያስታምሙኝ፣ ስሞት የሚቀብሩኝ እነሱ ናቸው። ግን ጎረቤት ሶፋ ያውሳል እንጂ ዓይን አያውስም። እኔ ደግሞ ከእናንተ ምጽዋት አልጠየቅኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ሰፍቼ በየዓመቱ እናንተው መሥሪያ ቤት ተሰልፌ ግብሬን ከፍያለሁ። ያን ጊዜ ሶፋ አለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ስትቀበሉኝ ቤቴን አላያችሁም፤ እኔ ልቀበል ስል ነው ምንጣፍ የምትረግጡት?»

የራሷ ንግግር ራሷን አስደነገጣት። ሆዷ ውስጥ ያስቀመጠችው ነገር እንዲህ በስሎ እንደሚወጣ አላወቀችም ነበር።

ገምጋሚዋ መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች፤ ከዚያ ሳቀች። ሳቋ የንቀት አልነበረም። «እንዲህ እናድርግ» አለች ተነስታ። «እኔ ውጪ እቆያለሁ። ባለ ዕቃዎቹ ዕቃቸውን ይውሰዱ። ከዚያ እንደ አዲስ እገባለሁ።»

ያን ቀን ሰፈሩ ያየው ሰልፍ ነው። ቴሌቪዥኑ በኮረንቲ እቅፍ ወጣ። ምንጣፉ ተጠቅልሎ በሰው ትከሻ ሄደ። ብፌው ባለቤቱ ተገኝታ፣ ብርጭቆዎቹ እየተንኳኩ ወጣ። ሶፋው ግን ሲገባ እንዴት እንደገባ የሚያውቅ ጠፍቶ በሩ ላይ ተቀረቀረ፤ ጋሼ ፍሬን ከወዲያ «ቆይ እስቲ!» ይላል፣ ከወዲህ ያሉት ይገፋሉ። ገምጋሚዋ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ አንዱን ጫፍ ያዘችላቸው።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» አለ ጋሼ ፍሬን ላቡን እየጠረገ።

«ሶፋውን ማን ነው ውሰዱ ያለን?» አፈጠጠችበት ኮረንቲ።

ገምጋሚዋ ተመልሳ ስትገባ ቤቱ ያው የእትዬ መርፌ ቤት ሆኖ ቆያት። የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጠችና ብዙ ጻፈች።

ውሳኔው በአንድ ጀምበር አልመጣም፤ የቢሮ ነገር ነው። በመጣ ጊዜ ግን ሙሉውን ፈቅዷል። መጀመሪያ አንዱ ዓይን፣ እሱ ሲድን ሌላው ተሠራ። ጋሼ ፍሬን መኪና ተውሶ፣ እግረኛ ሁሉ እየቀደመው፣ ሐኪም ቤት በሰላም አደረሳት። ኮረንቲ ከሐኪም ቤቱ ወንበር ላይ አንቀላፍታ አደረች፤ ነርሶቹን ስትቆጣ ውላ ስትሰናበታቸው አቅፋ ሳመቻቸው። እትዬ መርፌ እቤት ከተመለሰች በኋላ ሐኪሙ እንዳታጎነብስ ስለከለከላት የቤቷን ወለል የሚጠርገው፣ ውኃዋን የሚቀዳው ሌላ ነበር። ይህን ሁሉ እየተነጫነጨች ተቀበለች። ልታይበት ለጓጓችው ዓይኗ ስትል ነው የቻለችው።

መሸፈኛው ለመጨረሻ ጊዜ በተነሳ ማግስት ጠዋት በሯን ከፍታ ወጣች። ፀሐይ ነበር። የግድግዳው ስንጥቅ ይታያል፤ ማዶ ያለው ዛፍ ቅጠል በቅጠል ይታያል። እንባዋ መጣ፤ ሐኪሙ አትሺው ስላላት ዝም ብላ አወረደችው። ኮረንቲ ከፀጉር ቤቷ ሮጣ መጥታ ፊቷ ተገተረች።

«ታዪኛለሽ?»

እትዬ መርፌ አተኩራ አየቻት። «አርጅተሻል» አለቻት።

«እሰይ! ዳነች!» ጮኸች ኮረንቲ፣ ሰፈሩን ቀሰቀሰችው።

ሰው ተሰበሰበ። ጋሼ ፍሬን አምሮበት፣ ኮት ለብሶ መጣ። እትዬ መርፌ በደስታ ልታቅፈው እጇን ዘርግታ ሳለ ባለችበት ቆመች። የሰውየው አንዱ ትከሻ ወደ ላይ ወጥቷል። አንዱ ኪስ ደረቱ ሥር፣ ሌላው ዳሌው ላይ ነው።

«ጋሼ! ትከሻህን ምን ነካው?»

«ትከሻዬማ ደህና ነው» አለ፣ ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ።

ጠጋ ብላ ኮቱን ያዘች። ስፌቱን በጣቷ ስትዳብሰው አወቀችው። የእሷ ነው። ቀና ብላ ኮረንቲን አየች፤ የቀሚሷ ጠርዝ በአንድ በኩል ጉልበቷ ላይ፣ በሌላው ቁርጭምጭሚቷ ጋ ነው፤ የተሰፋውም ግማሹ በጥቁር ግማሹ በሰማያዊ ክር። በመንገዱ ወደ ተማሪ ቤት የሚሄዱ ልጆች ያልፋሉ፤ ኮሌታቸው የዞረ፣ እጅጌያቸው እኩል ያልሆነ፣ ቁልፋቸው ከቀዳዳው የማይገጥም። ሰፈሩ በሙሉ ተጣሞ ቆሟል።

«ይህን ሁሉ እኔ ነኝ የሰፋሁት?»

ኮረንቲ የቀሚሷን ጠርዝ ጎትታ አስተካከለች።

«ከመቼ ወዲህ? ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ምን ብለን?» አለ ጋሼ ፍሬን። «ብርድ ያስጥላል፣ ሌላ ምን እንፈልጋለን።»

ኮረንቲ ግን መሸፋፈን አታውቅበትም። «ብንነግርሽ መስፋት ትተይ ነበር። መስፋት ብትተይ ደግሞ ከእኛ አትቀበይ፤ ምን በልተሽ ልትኖሪ? እኛም ልብስ አሰፋን። ጋሼ ይህን ኮት የሚፈልገው መስሎሽ ነው? ሌላ ሁለት አለው እኮ፣ ያውም ቀጥ ያለ።»

የእትዬ መርፌ ደም ወደ ፊቷ ወጣ። አንድ ዓመት ሙሉ በጉልበቴ አደርኩ ስትል የከረመችው እነዚህ ሰዎች በየመንገዱ፣ በየሥራ ቦታቸው፣ በየለቅሶው ተጣምመው እየታዩላት ነው። መጀመሪያ አፈረች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ከዚያ ተናደደች። ከሁለቱም በኋላ የመጣው ግን ደረቷ አልችል ያለው ፍቅር ነው፤ እንዲህ የተወደደች ሴት መሆኗን እስከዚያች ጠዋት አታውቅም ነበር።  እጇን ወደ ጋሼ ፍሬን ዘረጋች።

«አውልቅ» አለችው።

«አሁን? እዚህ?»

«አውልቁ ብያለሁ! ሁላችሁም! በእኔ ስም እንዲህ ሆናችሁ የትም አትሄዱም።»

ኮቱን ተቀብላ ገባች፤ ምላጭ አንስታ ከትከሻው ጀምራ መተርተር ያዘች። ከበሩ ውጪ ሰው ልብሱን በክንዱ ይዞ ተሰለፈ። ያን ቀን የሰፈሩ ወንድ ግማሹ በካናቴራ ዋለ።